ለእናት የማይነገር ሥራ፦ ባለ ተሰጥኦ ልጆችና ምስጢራዊ ተልዕኮ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የዩክሬን የጸጥታ አገልግሎት በካርኪቭ ከተማ ለሩሲያ ይሰልሉ ነበር ያላቸውን ሁለት ቡድኖች መያዙን ሲያስታውቅ፣ የተያዙት ተጠርጣሪዎች የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች ነበሩ። እንደ መግለጫው ከሆነ ልጆቹ ሲያከናውኑት የቆዩት ነገር የቀረበላቸው በጨዋታ መልክ ነው። የአንድ ቦታ መገኛ ነጥብ በስልካቸው ይላክላቸዋል፤ ከቦታው ደርሰው ፎቶና ቪዲዮ ያነሣሉ፤ አካባቢውን በጽሑፍ ይገልጻሉ፤ ውጤቱን ስሙ ለማይታወቅ ሰው ልከው የሚቀጥለውን ተግባር ይጠባበቃሉ። ከጨዋታው ጀርባ የነበረው የሩሲያ የስለላ ተቋም ሲሆን፣ ልጆቹ ካነሧቸው ቦታዎች መካከል የአየር መከላከያ የተተከለባቸው ይገኙበታል፤ የላኩት መረጃም ለአየር ድብደባ መዋሉን መግለጫው ያትታል።

ዜናው በጦርነቱ ዜናዎች ብዛት ተውጦ ብዙም ሳይነገርለት አለፈ። አሠራሩን ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን ጨዋታው ማንኛውንም ልጅ የሚማርክ ዓይነት አልነበረም። ካርታ አንብቦ መንገድ መለየት፣ ያዩትን በአጭሩ መግለጽ፣ ሥራ ተከፋፍሎ በሰዓቱ መጨረስና ላልተሠራው እንቆቅልሽ እንቅልፍ ማጣት መምህራን «ንቁ» የሚሏቸው ልጆች ጠባይ ነው። ይህን ዓይነቱን ልጅ የሚፈልጉት ደግሞ ጠላት አገር የሚልካቸው መልማዮች ብቻ አይደሉም፤ የራሱ የልጁ መንግሥትም በውድድር፣ በነጻ የትምህርት ዕድልና በክረምት ሥልጠና እያባበለ ይፈልገዋል። ልጆቹ መሠልጠናቸውን አልቃወምም። የሚያሳስበኝ ምስጢሩ ነው። አንድ ልጅም ሆነ ወላጁ ሊፈቅዱ የሚችሉት የሚያውቁትን ነገር ሲሆን፣ ምስጢራዊ ሥራ ግን በባሕርዩ ገብተው ካልማሉ በቀር የማይነገር ነው፤ ስለዚህ ፈቃዱ የሚሰጠው ሁልጊዜ ከዕውቀቱ በፊት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጸጥታ ድርጅት ኤምአይ5 በቢሮዎቹ መካከል ምስጢራዊ ወረቀት የሚያመላልሱለትን ወንድ ስካውቶች ቀጥሮ ነበር። ልጆቹ ወሬ አላስቀምጥ አሉ፤ ሥራ ሲጠፋም መረበሽ አበዙ። በእነሱ ምትክ የገቡት ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 16 የሚሆን የሴት ስካውቶች ሲሆኑ፣ የሚያመላልሱትን ወረቀት ላያነቡ በክብራቸው ቃል ገብተው በሳምንት 10 ሽልንግ ይከፈላቸው ነበር። ድርጅቱ በሴቶቹ ልጆች እጅግ ረክቷል። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ፈገግ ለማሰኘት ይተረካል፤ እኔን የሚያስገርመኝ ግን የቃል ኪዳኑ ይዘት ነው። ልጅቷ የምትጠብቀው ምስጢር እሷ ራሷ የማታውቀው ምስጢር ነው፤ ታማኝነቷ የሚለካውም ባለማወቋ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ከእግር ይልቅ ጭንቅላት ተፈለገ። ብሪታንያ ከጃፓን ጋር ጦርነት ስትገባ ጃፓንኛ የሚያውቁ ሰዎቿ በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ያልጨረሱ በቋንቋ ጎበዝ የሆኑ 30 ያህል ወንዶች ልጆች ተመርጠው በለንደን የምሥራቃውያንና የአፍሪካ ጥናቶች ትምህርት ቤት ጃፓንኛ፣ ቻይንኛ፣ ቱርክኛና ፋርስኛ እንዲማሩ ተደረገ። ያደሩት በደልዊች ኮሌጅ ስለነበር «የደልዊች ልጆች» የሚል ስም ወጣላቸው። ከመካከላቸው ሮናልድ ዶር በኋላ የጃፓንን ኅብረተሰብ በማጥናት የታወቀ ምሁር፣ ፒተር ፓርከር ደግሞ የብሪታንያ የምድር ባቡር ኃላፊ ሆነዋል። የጠላትን ምስጢራዊ ጽሑፍ ይፈታ በነበረው በብሌችሊ ፓርክም ሜቪስ ሊቨር የተባለች የ19 ዓመት ወጣት የጣሊያን ባሕር ኃይልን መልእክት በመፍታቷ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1941 በማታፓን ለተገኘው የባሕር ድል መንገድ ከፍታለች። የብሌችሊ ሥራ እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተደብቆ ስለቆየ፣ ልጆቻቸው ምን እንደሠሩ ሳያውቁ የሞቱ ወላጆች ብዙ ናቸው።

እነዚህ ታሪኮች መጨረሻቸው ያማረ በመሆኑ የምልመላ ማስታወቂያዎች ይወዷቸዋል። ማስታወቂያዎቹ የማያነሡት አንድ ወጣት ግን አለ። ቴዎዶር ሆል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1925 በኒውዮርክ የተወለደ፣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርቱን ገና በ18 ዓመቱ ያገባደደ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1944 የአቶሚክ ቦምብ ይሠራበት ወደነበረው ወደ ሎስ አላሞስ ሲወሰድ የት እንደሚሄድና ምን እንደሚሠራ በቅጡ አልተነገረውም ነበር። ከደረሰ በኋላ ግን ተረዳ። በተረዳ በወራት ውስጥም፣ ይህ መሣሪያ በአንድ አገር እጅ ብቻ ከቀረ ዓለምን ያሰጋል ብሎ አሰበ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ለዕረፍት ወደ ኒውዮርክ ሲመለስ፣ የ19ኛ ዓመት ልደቱ ሰሞን፣ የሃርቫርድ ክፍል ጓደኛው በነበረው በሳቪል ሳክስ እየታገዘ ለሶቪየት ኅብረት ምስጢር ማቀበል ጀመረ።

ሆል ጀግና ነው ወይስ ከሃዲ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ በዚህ ጽሑፍ የምፈታውም አይደለም። ለያዝነው ጉዳይ የሚጠቅመው ሁኔታው ነው። በዓለም ላይ ካሉት ከባድ የሕሊና ጥያቄዎች አንዱ የተጋረጠው ወጣት ከአባቱ፣ ከመምህሩ፣ ከሃይማኖት አባትም ሆነ ከጠበቃ ጋር መመካከር አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ጥያቄውን መናገሩ ብቻ ወንጀል ነው። ሊያማክር የቻለው የእርሱን ያህል ወጣት የሆነ ጓደኛውን ብቻ ሆነ። አሜሪካኖች የሶቪየቶችን ምስጢራዊ መልእክት ሲፈቱ ስሙን አግኝተውት እ.ኤ.አ. በ1951 የአገሪቱ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ጠየቀው፤ ማስረጃው ራሱ በፍርድ ቤት ሊወጣ የማይችል ምስጢር ስለነበር ግን አልተከሰሰም። ነገሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ሰነዶቹ ሲለቀቁ ሲሆን፣ ሆል በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሲመራመር ኖሮ ከአራት ዓመት በኋላ ዐረፈ። 18 ዓመት የሞላውን ሰው ሕጉ ልጅ አይለውም። ይሁን እንጂ ተሰጥኦ ቀድሞ፣ የሕይወት ልምድ ደግሞ ዘግይቶ እንደሚመጣ ለማሳየት ከእርሱ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም።

በትምህርቱ እጅግ የላቀ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ብቸኛ ነው። የክፍል ጓደኞቹ የሚያስደስታቸው አያስደስተውም፤ እርሱን የሚያስደስተውን ሲነግራቸው ደግሞ ያዛጋሉ። እንዲህ ያለው ልጅ በ15 ወይም በ16 ዓመቱ አንድ ካምፕ ገብቶ እንደ ራሱ ያሉ 20 ልጆች ሲያገኝ የሚሰማውን ነገር መገመት አያስቸግርም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘመዶቹን ያገኘ ያህል ነው። በዚያ ላይ «ይህን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ» ሲባሉ ጓደኝነቱ ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ በኋላ ልጁ ሥራውን የሚቀጥለው ለአገሩ ወይም ለገንዘብ ሲል ላይሆን ይችላል፤ ከቡድኑ ላለመለየት ሲል ነው። መልማዮች ልጆችን በተናጠል ከመያዝ ይልቅ በቡድን ማሰለፍ የሚወዱት ሥራው ስለሚቀላጠፍላቸው ብቻ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ቡድኑ ራሱ ልጁን አጥብቆ ይይዝላቸዋልና።

ይህን በተቋም ደረጃ አደራጅታ ረጅም ጊዜ የሠራችበት እስራኤል ናት። እ.ኤ.አ. በ1973ቱ ጦርነት በድንገት መጠቃቷ ካስከተለው ድንጋጤ በኋላ፣ ሁለት የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ታልፒዮት የተባለው መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1979 ተጀመረ። በየዓመቱ ሁለተኛ ደረጃን ከሚጨርሱት መካከል ተጣርተው የሚቀሩት 50 ያህል ብቻ ናቸው። ሦስት ዓመት ፊዚክስ፣ ሒሳብና ኮምፒዩተር ይማራሉ፤ ከዚያ ስድስት ዓመት በሠራዊቱ ምርምር ያገለግላሉ። ለመገናኛ ስለላ ከተቋቋመው ክፍል 8200 ጋር ሲታይ ታልፒዮት ትንሽ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም ለወጣቱ ከውትድርና በኋላ የሚከፍቱለት በር ሰፊ በመሆኑ ወላጆች ልጆቻቸውን ገና ከታች ክፍል ጀምረው ለእነዚህ ያዘጋጃሉ። ቼክ ፖይንት የተባለውን የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ ከመሠረቱት ሦስት ሰዎች ጊል ሽዌድ ከ8200፣ ማሪየስ ናኽት ከታልፒዮት የወጡ ናቸው።

ለቤተ እስራኤላውያን ወላጆች ጉዳዩ ሌላ ፊት አለው። በዚያ አገር አንድን ልጅ «ባለ ተሰጥኦ» የሚያሰኘው አእምሮው ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ኮምፒዩተርና አስጠኚ ማግኘቱም ስለሆነ፣ የነዚህ ክፍሎች በር ለማን እንደሚከፈት ሲያከራክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 የመከላከያ ሚኒስቴርና ራሺ ፋውንዴሽን በአገሪቱ ዳር ላይ ላሉ ከተሞች ልጆች ማግሺሚም የተባለውን የሳይበር ትምህርት ሲጀምሩ ይህንን ክፍተት ለማጥበብ ነው። ወላጆቹ «የእኛ ልጆች ለምን እዚያ አይደርሱም?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ሆኖም እዚያ የደረሱትም ቢሆኑ ያገኙት ሁሉ ሰላም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 ከ8200 የወጡ 43 ተጠባባቂ ወታደሮች በፍልስጤማውያን ላይ በሚደረገው ክትትል ዳግም አንሳተፍም የሚል ደብዳቤ በይፋ ፈርመዋል። ወደ ክፍሉ ሲገቡ የሚጠብቃቸውን ሥራ በዝርዝር ያወቁ አይመስለኝም።

በቻይና ያለው ዕቅድ ቢያንስ ዓላማውን አይደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 የቤጂንግ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከ5,000 በላይ አመልካቾች መካከል 27 ወንዶችና 4 ሴቶች፣ ሁሉም 18 ዓመትና ከዚያ በታች፣ መርጦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጠቀሙ የጦር መሣሪያዎችን እንዲያጠኑ አስገብቷል፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ከትምህርት፣ አንድ ከመከላከያ ኢንዱስትሪ የመጣ አማካሪ ተመድቦለታል። የሩሲያው ግን ተድበስብሷል። ዘ ኢንሳይደር የተባለው ነጻ መገናኛ ብዙኃን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ምርመራ፣ ድቦች በድሮን እየታገዙ ራሳቸውን ከንቦች የሚከላከሉበት «በርሎጋ» የተባለ የልጆች ጨዋታ ጎበዞቹን ለይቶ ወደ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ውድድሮች እንደሚያሻግራቸው፣ በውድድሮቹም የጦር መሣሪያ አምራቾች እንደሚመለምሏቸው ዘግቧል። ለዘጋቢዎቹ የተናገሩ ተማሪዎች እንደገለጹት፣ የሚሠሩት ለጦርነት መሆኑን እንዳይናገሩና ለሥራቸው ሰላማዊ ጥቅም ፈጥረው እንዲያቀርቡ ተነግሯቸዋል። ልጅ የአዋቂዎችን ውሸት በራሱ አፍ እንዲሸከም ማድረግ ምስጢር ከማስጠበቅ የባሰ ነገር ነው።

መንግሥት ባይኖርም ልጆች ምስጢራዊ ቡድን መፍጠራቸው አይቀርም የሚል መልስ ይሰጣል፤ እውነትም አለው። ትልልቅ ኩባንያዎችን ሰብሮ የገባው ላፕሰስ የተባለ ቡድን ሲመረመር እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የለንደን ከተማ ፖሊስ የያዛቸው ሰባት ሰዎች ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 21 ነበር። ተሰጥኦው ካለ አንድ ሰው ይጠቀምበታል፤ ወንጀለኛ ከሚጠቀምበት መንግሥት ቢጠቀምበት ይሻላል ነው ክርክሩ። ልጁን ከወንጀል ማዳን ግን ለሌላ ምስጢር አሳልፎ ከመስጠት ጋር አንድ አይደለም። የብሪታንያው የመገናኛ ስለላ ድርጅት ጂሲኤችኪው በየዓመቱ ለገና ከ11 እስከ 18 ዓመት ላሉ ተማሪዎች እንቆቅልሽ ያወጣል። ጥያቄዎቹ አንዱ ልጅ ሒሳቡን፣ ሌላው ቋንቋውን፣ ሦስተኛው ሥዕሉን ካላዋጡ አይፈቱም። ልጆቹ በግልጽ በክፍላቸው ተሰብስበው ይሞክሩታል፤ መልሱም በይፋ ይወጣል። ይህም ምልመላ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ልጁ የጠየቀው ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ማታ ቤቱ ገብቶም ይናገራል።

ሕጉ በዚህ ላይ የሚለው ነገር ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ግልጽ ነው። ሕፃናት በጦርነት እንዳይሳተፉ የሚደነግገውና እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ በፈቃዱ የሚቀበል ሠራዊት የልጁ ፈቃድ እውነተኛ መሆኑን፣ ወላጆቹ አውቀው መፍቀዳቸውን፣ ልጁም የሚጠብቀውን ግዴታ ሙሉ በሙሉ እንዲያውቅ መደረጉን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ምስጢራዊ ሥራ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ግዴታውን ሙሉ በሙሉ ከተናገሩት ምስጢርነቱ ያበቃል፣ ካልተናገሩት ፈቃዱ ፈቃድ አይሆንም። በሌላ በኩል ይኸው ፕሮቶኮል በሠራዊት የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶችን ከዕድሜ ገደቡ ነጻ ስላደረገ፣ ሥልጠናው የት አብቅቶ አገልግሎቱ የት እንደሚጀምር የሚለየው መስመር ደብዝዟል። ሕጉ ሲረቀቅ በአእምሮ የነበረው ጠመንጃ የያዘ ልጅ ነው፤ የቤት ሥራ ተብሎ የተሰጠው ኮድ በሚቀጥለው ሳምንት የጦር መሣሪያ አካል የሚሆንበት ልጅ አልታሰበም። ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን እ.ኤ.አ. በ2014 ያጸደቀች ከመሆኗም በላይ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለን ማንኛውንም ልጅ መመልመልን የሚከለክለው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር አባል ናት።

ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በአገር አቀፍ የሳይበር ታለንት ውድድር እየመለመለ በክረምት ያሠለጥናል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማፍራት ዕቅድም የተሰጥኦውን ማሳ ያሰፋዋል። ውድድሩ በቴሌቪዥን የሚነገር፣ ምርቃቱም በአደባባይ የሚደረግ በመሆኑ ይመሰገናል። መታሰብ ያለበት ከምርቃቱ በኋላ ያለው ነው፤ ገና 18 ያልሞላው ጎበዝ በእውነተኛ ሥርዓት ላይ ያለን ክፍተት እንዲፈልግ ወይም የአንድን ሰው ግንኙነት እንዲከታተል ቢጠየቅ፣ እምቢ የሚልበት መንገድ አስቀድሞ ተጽፎ መገኘት አለበት።

በራሳችን የትምህርት ባህል ምስጢር የሚለው ቃል ከዚህ የተለየ መንገድ ነበረው። የቅኔ ተማሪ ለቆጠራ፣ ማለትም ቅኔውን አሰላስሎ ለማዘጋጀት፣ ከሰው ተለይቶ ጫካ ይገባል፤ ወርቁን በሰሙ ይሸፍናል፤ ሲመለስ ግን ለነገራ፣ ማለትም ያዘጋጀውን ለማሰማት፣ ከመምህሩ ፊት ይቆማል፣ መምህሩም ይተቸዋል፣ ያርመዋል። ብቻውን የሚያስብበት ጊዜ አለው፤ ያሰበውን የሚያይለት ሰው የሌለበት ጊዜ ግን የለውም። ለሳይበር ሠልጣኞች የሚዘጋጀው የወላጅ ፈቃድ ቅጽም ከክረምቱ ምግብና መኝታ በተጨማሪ፣ ልጁ ከአሠልጣኞቹ የዕዝ ሰንሰለት ውጭ ያለ አንድ ሰው፣ ጠበቃም ይሁን የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ምስጢር አወጣህ ሳይባል ማነጋገር እንደሚችል በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል፤ የዚያ ሰው ስልክ ቁጥርም በቅጹ ግርጌ ይጻፍ።